የእግር ኳስን የቀጥታ ስርጭት ለማየት የሚሆን ባር በምን ይመረጣል?

ሰባት ቁጥር (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። በሥራ ዝውውር ምክንያት ወደማላውቀው ትልቅ ከተማ ከመጣሁ ብዙ ጊዜ አልሆነኝም። ከአዲሶቹ ባልደረቦቼ ጋር የሳምንቱን ጨዋታዎች አብረን ለማየት ተስማምተናል፤ የት ሆነን እንደምናይ ግን ገና አልወሰንንም። በሠፈሬ «የቀጥታ ስርጭት እናሳያለን» የሚል ማስታወቂያ ያልለጠፈ ባር የለም ለማለት ይቻላል፤ ማስታወቂያው ግን ውስጥ ገብቶ የሚቀመጥ ሰው ጨዋታውን በምን ሁኔታ እንደሚያይ አይናገርም። አንዱ ጋ ስክሪኑ ትልቅ ሆኖ ድምፁ ተዘግቶ ሙዚቃ ይከፈታል፤ ሌላው ጋ ድምፁ ይሰማል፣ ነገር ግን በስክሪኑና በደንበኛው መካከል ምሰሶ ቆሟል።

ከመካከላችን አንዱ አልኮል አይጠጣም፤ ሁለቱ የተቀናቃኝ ክለቦች ደጋፊዎች ናቸው፤ እኔ ደግሞ የቡድኖቹን አሰላለፍና ኳስ የሌላቸውን ተጫዋቾች እንቅስቃሴ ተረጋግቼ መከታተል እወዳለሁ። ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ትልቁ ጨዋታ ከመድረሱ በፊት አንድን ባር ስጎበኝ ምኑን ልመልከት፣ ባለቤቱንስ ምን ልጠይቅ? ልምድ ያላችሁ ምክንያቱን ጨምራችሁ ብታስረዱኝ ከልብ አመሰግናለሁ።


ምስልና ድምፅ (መልስ)

ሰባት ቁጥር፣ ሥራዬ የስክሪንና የድምፅ መሣሪያዎችን መትከል ስለሆነ በማውቀው በኩል ልጀምር። ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስክሪኑ ስንት ኢንች እንደሆነ ነው፤ እኔ ግን እርስዎ የሚቀመጡበት ወንበር ከስክሪኑ ምን ያህል እንደሚርቅ እንዲመለከቱ እመክራለሁ። ባለ 65 ኢንች ቴሌቪዥን ከጥግ እስከ ጥግ ሲለካ 1.65 ሜትር ያህል ነው፤ ምስሉ የዓይንን እይታ በሚገባ እንዲሞላ የሚመከረው ርቀት የዚህ ልኬት 1.6 እጥፍ ገደማ፣ ማለትም 2.6 ሜትር ያህል ይሆናል። በባር ውስጥ ይህን ያህል የቀረበ ቦታ ማግኘት ስለሚያስቸግር ከዚያ እጥፍ ርቆ መቀመጥ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ከሰባትና ከስምንት ሜትር ላይ ሆኖ ያንኑ ስክሪን የሚመለከት ሰው ኳሷን እንጂ የተከላካይ መስመሩን አቋም በቅጡ አያይም፤ እርስዎ የሚፈልጉት ደግሞ በትክክል እርሱን ነው። ለመፈተን የሚረዳው ቀላሉ መንገድ ሊይዙት ያሰቡት ወንበር ላይ ተቀምጦ በስክሪኑ ጥግ ያለውን ሰዓትና ውጤት ማንበብ ነው። ለማንበብ ዓይንዎን ማጥበብ ካስፈለገዎ ወንበሩ ለእርስዎ አይሆንም።

ስለ ፕሮጀክተር በተለይ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ሰፊው ምስል ብዙዎችን ያታልላል። ፕሮጀክተር ብርሃን ይጨምራል እንጂ ጨለማ መፍጠር አይችልም፤ ስለዚህ በምስሉ ውስጥ ጥቁር መሆን ያለበት ቦታ ሁሉ ምንም ብርሃን ሳያርፍበት ሸራው ራሱ በክፍሉ ውስጥ ከሚታየው የበለጠ ሊጠቁር አይችልም። መስኮቱ ክፍት በሆነና መብራት በበራበት ክፍል ውስጥ ጥቁሩ ሁሉ ግራጫ ይሆናል። ይህ ጉድለት ጎልቶ የሚወጣው ግማሹ ሜዳ ፀሐይ፣ ግማሹ ደግሞ የስታዲየሙ ጣሪያ ጥላ በሆነበት የከሰዓት ጨዋታ ላይ ነው፤ ኳሷ ወደ ጥላው በገባች ቁጥር ትጠፋብዎታለች። በምሽት፣ መብራቱን ደብዘዝ በሚያደርግ ቤት ውስጥ ግን ጥሩ ፕሮጀክተር ከየትኛውም ቴሌቪዥን የሚመረጥበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ባሩን መጎብኘት ያለብዎት ጨዋታው በሚካሄድበት ሰዓት ነው፤ በሌሊት ያዩት ምስል ስለ ከሰዓቱ ምስል ምንም አይነግርዎትም።

ሁለተኛው ነገር የቴሌቪዥኑ ቅንብር ነው። ብዙ ባሮች ቴሌቪዥኑን ከካርቶን እንዳወጡት ይሰቅሉታል፤ ሣሩ ዓይን የሚያቃጥል አረንጓዴ ይሆናል፣ የነጭ መለያ ዝርዝርም ይጠፋል። እንቅስቃሴን የሚያለሰልሰው ቅንብር ሲበዛ ደግሞ መሣሪያው በእውነተኞቹ ምስሎች መካከል ራሱ የፈጠራቸውን ስለሚያስገባ፣ በፍጥነት የምትጓዝ ኳስ ጅራት ያላት ወይም ለቅጽበት የተሰወረች ትመስላለች። ይህ በሁለት ደቂቃ የሚስተካከል ነገር ነው። በትሕትና ሲጠየቅ ፈቃደኛ የሆነ ባለቤት ካገኙ ለሌላውም ነገር የሚያስብ ሰው አግኝተዋል ማለት ነው። ከጎን መመልከትንም አይርሱ፤ አንዳንድ ስክሪኖች ከፊት ለፊት ሲታዩ ደማቅ ሆነው ከጎን ግን ይገረጣሉ፤ በጣም ከፍ ተደርጎ የተሰቀለ ስክሪን ደግሞ ሁለት ሰዓት ሙሉ አንገትን ወደ ላይ ቀና አድርጎ መቀመጥን ስለሚያስገድድ ከዕረፍት በኋላ ያለውን ጨዋታ በሕመም ያሳልፋሉ።

ከሁሉም በላይ ግን ስለ ስርጭቱ መዘግየት ልንገርዎ። የቴሌቪዥን ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ ምልክቱ ወጥቶ እስኪመለስ የሚወስደው ጊዜ ሩብ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው፤ የተቀሩት ጥቂት ሰከንዶች ምስሉን በማመቅና በመፍታት ያልፋሉ። በኢንተርኔት የሚመጣው ስርጭት ግን ምስሉ በቁርጥራጭ ተከፋፍሎ የሚላክና መሣሪያውም የተወሰነውን አጠራቅሞ የሚያሳይ በመሆኑ፣ ከሳተላይቱ ሠላሳ ሰከንድና ከዚያም በላይ ወደ ኋላ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ከመንገዱ ማዶ ያለው ባር በሳተላይት፣ እናንተ ያላችሁበት ደግሞ በኢንተርኔት የሚያሳይ ከሆነ፣ ፍጹም ቅጣት ምቱ ገና ሳይመታ ከማዶ የሚመጣው ጩኸት ውጤቱን ይነግራችኋል። በአንድ ባር ውስጥ ያሉ ሁለት ስክሪኖች በተለያየ መንገድ ሲገናኙም ይኸው ይከሰታል። ሳተላይቱም የራሱ ድክመት አለው፤ ከባድ ዝናብ ምልክቱን ያዳክመዋል። ስለዚህ ባለቤቱን «ስርጭቱ የሚመጣላችሁ በምንድን ነው፣ ሲቋረጥስ ሁለተኛ አማራጭ አላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። ወዲያውኑ የሚመልስ ሰው ጉዳዩን አስቦበታል። የስልክዎን የውጤት ማሳወቂያ መዝጋትም የእርስዎ ድርሻ ነው፤ በኢንተርኔት ከሚመጣ ምስል ብዙ ጊዜ ይቀድማል።


መስመር ዳኛ (መልስ)

ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ ጥሩ ነው፤ እኔ አንድ ነገር ብቻ እጨምራለሁ፤ ሪሞት ኮንትሮሉ በማን እጅ ነው? የውድድር ዘመኑ የመጨረሻ ቀን ሲደርስ ወይም በዓለም ዋንጫ የምድቡ የመጨረሻ ጨዋታዎች ሲካሄዱ ሁለት ጨዋታዎችን በአንድ ጊዜ መከታተል ግድ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1982ቱ የዓለም ዋንጫ በስፔኗ ሂኾን ከተማ ምዕራብ ጀርመንና ኦስትሪያ የሌላውን ጨዋታ ውጤት አስቀድመው እያወቁ ተጫውተው አልጄሪያን ከውድድሩ ካስወጡ በኋላ፣ ከ1986ቱ የዓለም ዋንጫ ጀምሮ የአንድ ምድብ የመጨረሻ ጨዋታዎች በአንድ ሰዓት እንዲጀመሩ ተደርጓል። ሕጉ ፍትሐዊ ነው፤ አንድ ስክሪን ብቻ ላለው ባር ግን ትልቅ ፈተና ነው።

እ.ኤ.አ. ሜይ 13 ቀን 2012፣ በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የመጨረሻ ቀን፣ የሆነውን አስቡ። ማንቸስተር ዩናይትድ ሰንደርላንድን 1 ለ 0 አሸንፎ ጨዋታውን ጨርሷል፤ ማንቸስተር ሲቲ በሜዳው በኩዊንስ ፓርክ ሬንጀርስ 2 ለ 1 እየተመራ መደበኛው 90 ደቂቃ አልቋል። በጭማሪው ሰዓት መጀመሪያ ኤዲን ዤኮ፣ ከዚያም ሰዓቱ 93 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ላይ ሲደርስ ሰርጂዮ አግዌሮ አስቆጠረ፤ ሁለቱም ክለቦች 89 ነጥብ ይዘው ዋንጫው በግብ ልዩነት ወደ ሲቲ ሄደ። በዚያች ቅጽበት የሰንደርላንዱን ሜዳ ብቻ የሚያሳይ ባር ውስጥ የተቀመጠ ሰው የዘመኑን ታላቅ ግብ አላየም። ስለዚህ ባለቤቱን «ሁለት ጨዋታ በአንድ ሰዓት ሲሆን የትኛውን በየትኛው ስክሪን፣ ከየትኛው ድምፅ ጋር ታሳያላችሁ?» ብለው አስቀድመው ይጠይቁ። መልሱ «በጊዜው ብዙ ሰው የፈለገውን» ከሆነ፣ በጨዋታው መሐል ጣቢያው ሊቀየርብዎ እንደሚችል አውቀው ይግቡ።


ቋሚ ደጋፊ (መልስ)

እኔ ከስክሪኑ ይልቅ ስለ ሰዎቹ ልናገር። ሰባት ቁጥር፣ ተረጋግተው ማየት እንደሚፈልጉ ጽፈዋል፤ ፍላጎትዎን አከብራለሁ። ይሁን እንጂ ፍጹም ጸጥታ የሚፈልግ ሰው ከቤቱ የተሻለ ቦታ አያገኝም ብዬ አምናለሁ። ወደ ባር የምንሄደው ዳኛው ፊሽካውን ሲነፋ በአንድ ጊዜ የሚነሣውን ድምፅ ፈልገን ነው፤ የማናውቀው ሰው ትከሻችንን ይዞ «ከጨዋታ ውጪ አልነበረም!» ሲለን የሚሰማን ስሜት ቤት ውስጥ አይገኝም። በመሆኑም ጸጥ ያለ ባር ከመፈለግ ይልቅ ጨዋታውን የሚከታተል ሕዝብ ያለበትን ባር እንድትፈልጉ እመክራለሁ፤ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጨዋታውን የሚከታተል ሕዝብ ኳስ ወደ አደጋ ክልል ስትቀርብ ዝም ይላል፣ ሲሞከር ይጮኻል፣ ጨዋታው ሲቀዘቅዝ ይወያያል። ጨዋታውን የማይከታተል ሕዝብ ደግሞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእኩል ድምፅ ስለ ሌላ ጉዳይ ያወራል። ልዩነቱን ለማወቅ በተራ ቀን፣ ታላላቆቹ ክለቦች በማይጫወቱበት ሰዓት ሄደው ሩብ ሰዓት መቀመጥ በቂ ነው፤ በዚያ ቀንም ስክሪኑን የሚመለከት ሰው ካለ፣ ቤቱ የእግር ኳስ ቤት ነው።

ድምፅን በተመለከተ ግን አንድ ወሰን አለ። የአሜሪካው ብሔራዊ የሙያ ደኅንነትና ጤና ተቋም ለሠራተኞች የሚመክረው ወሰን ለስምንት ሰዓት 85 ዴሲቤል ሲሆን፣ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ በዚህ ስሌት 91 ዴሲቤል ላይ የሚደርስ ድምፅ ለሁለት ሰዓት፣ 94 ደግሞ ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው። አንድ ጨዋታ ከነዕረፍቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ስለሚወስድ፣ ድምፅ ማጉያው ከጭንቅላታችሁ በላይ የተሰቀለበትን ጠረጴዛ ትታችሁ ራቅ ያለውን ብትይዙ ለጆሯችሁም ለውይይታችሁም ይበጃል። ይህን ስል ግን የጨዋታው ድምፅ ይዘጋ ማለቴ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ ከተካሄደው የሴቶች የዓለም ዋንጫ ወዲህ በአንዳንድ ውድድሮች ዳኞች የቪዲዮ ረዳት ዳኛውን ምርመራ ውጤት በማይክሮፎን ለተመልካቹ እያስረዱ ነው፤ ድምፁን ዘግቶ ሙዚቃ የሚያሰማ ባር ይህን ማብራሪያ ከደንበኞቹ ይነጥቃል።

ስለ ሁለቱ ተቀናቃኝ ደጋፊዎች ደግሞ ይህን ልበል። በርካታ ትልልቅ ክለቦች በዓለም ዙሪያ ዕውቅና የሰጧቸው የደጋፊ ማኅበራት አሏቸው፤ አንዳንዶቹ ማኅበራት ዘወትር የሚሰበሰቡበት ባር ስላላቸው አድራሻውን ከክለቡ ይፋዊ ድረ ገጽ ወይም ከማኅበሩ ማግኘት ይቻላል። አንድ ክለብ ብቻ የምትደግፉ ብትሆኑ ከዚህ የተሻለ ምክር የለኝም ነበር። ባልደረቦችዎ ግን የሁለት ክለብ ሰዎች ስለሆኑ፣ የአንዱ ክለብ አርማና ባንዲራ ግድግዳውን የሞላበትን ባር ሁለቱ ክለቦች እርስ በርስ በሚገናኙበት ቀን አትምረጡት። ደጋፊ የተቀላቀለበት፣ አስተናጋጆቹ ደንበኞቹን በስም የሚያውቁና ንትርክ ሲጀመር ቶሎ ገብተው የሚያበርዱ ሰዎች ያሉበት ቤት ይሻላችኋል።

አልኮል የማይጠጣውን ባልደረባችሁንም አትርሱት። አንዳንድ ቤቶች አልኮል ያልሆነውን መጠጥ በቸልታ፣ ሲጠየቁም በመሰልቸት ያቀርባሉ፤ በሁለተኛው ሳምንት ያ ሰው ሰበብ ፈጥሮ ይቀራል። አስተናጋጁ ለእርሱ የሚያሳየውን ፊት በመጀመሪያው ጉብኝት ተመልከቱ፤ ለእኔ ይህ ከስክሪኑ ጥራት የማያንስ መመዘኛ ነው።


ሰባት ቁጥር (ጠያቂው)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጸጥታንና ትኩረትን ለይታችሁ ማስረዳታችሁ የምፈልገውን ነገር ራሴ በተሻለ እንድረዳው አድርጎኛል። ሁለት ነገሮች ቀርተውኛል። አንደኛ፣ በአንድ ባር ውስጥ ስርጭቱ በሁለተኛው አጋማሽ መሐል ተቋርጦ አስተናጋጁ አዲስ የኢንተርኔት አድራሻ ሲፈልግ አይቻለሁ፤ ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል? ሁለተኛ፣ ለቻምፒዮንስ ሊግ ምሽቶች ጠረጴዛ ማስያዝ አስፈላጊ ነው? ካስያዝንስ ስለ ምን መስማማት አለብን?


የኋላ መስመር (መልስ)

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ በአብዛኛው ፈቃድን የሚመለከት ነው። በብዙ አገሮች ለመኖሪያ ቤት የሚሸጠው የስፖርት ጣቢያ ደንበኝነትና ለንግድ ቤት የሚሸጠው የተለያዩ ናቸው፤ የንግዱ ዋጋ ከፍ ስለሚል አንዳንድ ባሮች የመኖሪያ ቤቱን ካርድ ወይም ፈቃድ የሌለው የኢንተርኔት ስርጭት ይጠቀማሉ። ጉዳዩ እስከ አውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት የደረሰበት ጊዜ አለ፤ በእንግሊዝ በፖርትስመዝ ከተማ የመጠጥ ቤት ባለቤት የነበረችው ካረን መርፊ የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታዎችን በግሪክ ዲኮደር ካርድ በማሳየቷ ተከስሳ፣ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ከሌላ የኅብረቱ አገር የመጣ ካርድ መጠቀምን በጅምላ መከልከል ከኅብረቱ ሕግ ጋር እንደማይጣጣም ወስኗል፤ በዚያው ውሳኔ ግን የሊጉ መግቢያ ምስልና አርማን የመሰሉ በቅጂ መብት የተጠበቁ ክፍሎች ያለ ፈቃድ በአደባባይ ሊታዩ እንደማይገባ አስቀምጧል።

ለእርስዎ የሚጠቅመው ግን ሕጉን መተንተን ሳይሆን ምልክቱን ማወቅ ነው። ፈቃድ የሌለው የኢንተርኔት ስርጭት በታላላቅ ጨዋታዎች ቀን በብዛት ስለሚጠቀሙበት ከመጨናነቁም በላይ፣ የመብቱ ባለቤቶች በጨዋታው መሐል ያስዘጉታል፤ ስለዚህ የሚቋረጠው በጣም በምትፈልጉት ቀን ነው። ምስሉ በኮምፒውተር የድረ ገጽ መክፈቻ (ብራውዘር) በኩል የሚመጣ ከሆነ፣ በላዩ የውርርድ ማስታወቂያ ብቅ የሚል ከሆነ፣ ወይም ጣቢያው በየሳምንቱ የሚለዋወጥ ከሆነ ጥርጣሬ ይኑርዎት። በአንዳንድ አገሮች ግልጽ ምልክትም አለ፤ ለምሳሌ በእንግሊዝ ስካይ የተባለው የቴሌቪዥን ኩባንያ ለመጠጥ ቤቶች በሚሸጠው ስርጭት ላይ የቢራ ብርጭቆ ሥዕል በስክሪኑ ጥግ ያሳያል። እግረ መንገዴን፣ በዚያው በእንግሊዝ ቅዳሜ ከቀኑ 8፡45 እስከ 11፡15 የእግር ኳስ ጨዋታ በቀጥታ እንዳይተላለፍ የቆየ ክልከላ ስላለ፣ ጉዞ ላይ ሆናችሁ የዘጠኝ ሰዓቱን ጨዋታ በባር ለማየት ብትፈልጉ በሕጋዊ መንገድ የሚያሳይ ቤት አታገኙም።

ስለ ማስያዝ ሲሆን፣ ለተራ የሳምንት ጨዋታ አያስፈልግም፤ ለዋንጫ ጨዋታና ለታላላቅ ተቀናቃኞች ፍልሚያ ግን ግድ ነው። በስልክ «አምስት ሰዎች ነን» ብሎ መዝጋት ግን አይበቃም፤ በአካል ሄደው የትኛው ጠረጴዛ እንደሆነ በጣት ያሳዩ፣ ከፊቱ ተጨማሪ ወንበር ወይም የቆመ ሰው እንደማይኖር ይጠይቁ፣ ከስንት ሰዓት በኋላ ለሌላ ሰው እንደሚሰጥም ያረጋግጡ። መግቢያ የሚያስከፍሉ ወይም ቢያንስ ይህን ያህል ማዘዝ አለባችሁ የሚሉ ቤቶችም ስላሉ አስቀድሞ ማወቁ በመጨረሻ ከሚመጣ ክርክር ያድናል። ሕዝቡ ሲሞላ መውጫው በጠረጴዛና በወንበር የሚዘጋ ከሆነ፣ ስክሪኑ ምንም ያህል ቢያምር ሌላ ቤት ይፈልጉ፤ በዚህ ላይ እኔ በፍጹም አልደራደርም።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ደግሞ የመዝጊያ ሰዓቱን ነው። በጥሎ ማለፍ ጨዋታ መደበኛው 90 ደቂቃ ከ15 ደቂቃ ዕረፍቱ ጋር፣ ከዚያም 30 ደቂቃው ተጨማሪ ሰዓትና የፍጹም ቅጣት ምቱ ሲደመሩ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ይሄዳል፤ በ2022ቱ የዓለም ዋንጫ እንግሊዝና ኢራን ሲጫወቱ እንደታየው ለባከነ ጊዜ ብቻ ከ20 ደቂቃ በላይ የሚጨመርበት ጊዜም አለ። በሕግ በተወሰነ ሰዓት መዝጋት ያለበት ባር ፍጹም ቅጣት ምቱ ሲጀመር ወንበር ማንሣት ሊጀምር ስለሚችል፣ ጠረጴዛውን በሚያስይዙበት ቀን «ጨዋታው ወደ ተጨማሪ ሰዓት ከሄደ እስከ መጨረሻው ታሳያላችሁ?» ብለው ይጠይቁ፤ በዚያ ሰዓት ወደ ቤት የሚወስድ መጓጓዣ መኖሩንም ባልደረቦችዎ ከወዲሁ ያጣሩ።


ምስልና ድምፅ (መልስ)

የኋላ መስመር ስለ ጠረጴዛው የጻፉትን ካነበብኩ በኋላ የምጨምረው አለኝ። ጠረጴዛውን በጣት ከማሳየትዎ በፊት እያንዳንዱ ወንበር ላይ ተራ በተራ ተቀመጡበት፤ በክብ ጠረጴዛ ዙሪያ ከሚቀመጡ አምስት ሰዎች ቢያንስ አንዱ ጀርባውን ለስክሪኑ ይሰጣል፤ ጨዋታውንም አንገቱን ጠምዝዞ ያያል። በአንድ ወገን ብቻ የሚቀመጡበት ረጅም ጠረጴዛ ወይም ከስክሪኑ ትይዩ ያለ የግድግዳ ዳር ወንበር ካገኛችሁ ለእናንተ ቁጥር ከሁሉም የሚመቸው እርሱ ነው።